የቧንቧው ወንፊት

«አንቺ ቧንቧውን አስነጠስሽው እንጂ ምንም አልሠራሽም» አሉኝ እትዬ፣ ፊት ለፊቴ ቆመው፣ ጉንጫቸው ላይ የተረጨውን ውሃ በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ።

እውነታቸውን ነው። የውሃ ጠርሙስ ክዳን በመርፌ በሳስቼ በቧንቧው አፍ ላይ በጎማ ላስቲክ ጠፍሬ አስሬው ነበር። ስከፍተው ውሃው ቁልቁል መውረዱን ትቶ እንደ ጉም በየአቅጣጫው ተበተነ። ግማሹ እኔን፣ ግማሹ እትዬን፣ የተረፈው ግድግዳውን አራሰ። ሰሃኑ ላይ የደረቀው ሽሮ ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

«ሽሮው መምጣትሽን እንኳ አልሰማም» አሉ።

«ይሰማል እትዬ። ጥቂት ቀን ይስጡኝ።»

«ቀን ከእኔ አትለምኚ። ከታንከሩ ለምኚ።»

እትዬ የምላቸው የእንግዳ ማረፊያው ወጥ ሠሪ ናቸው። እኔ ሰሃን አጣቢ ነበርኩ። ኩሽናው ውስጥ የምንውለው ሁለታችን ብቻ ነን፤ ባለቤቱ፣ ጋሼ፣ ሲርባቸው ወይም ሲናደዱ ብቅ ይላሉ። ቤቱ ላሊበላ ውስጥ፣ ወደ ገበያው በሚያወርደው መንገድ ዳር ነው። እንግዶች ኩሽናችን ድረስ መጥተው በመስኮቱ ተራራውን ፎቶ ያነሳሉ። እኔ በዚያ መስኮት አንገቴን አውጥቼ የማየው ጣሪያው ላይ ያለውን ታንከር ነው። ውሃ በወረፋ ይለቀቃል፣ ሲለቀቅ ታንከሩ ይሞላል፤ ሳይለቀቅ ሲቀር በቦቴ ይመጣል። በዚያ ዓመት የገና ጾም ከገባ ወዲህ መስመሩ ደረቀ። ቦቴው አንዴ መጥቶ ሞላልን፣ ሾፌሩም «እስከ ልደት ወረፋዬ ሞልቷል፣ ሁለተኛ አትጠብቁኝ» ብሎን ሄደ።

ጋሼ ያን ቀን ኩሽና ገቡ። አልተራቡም፣ አልተናደዱም።

«ይህ ውሃ ልደት ድረስ ይድረስልኝ» አሉ። ለልደት ከየአገሩ የሚመጣውን ምእመን ላሊበላ የኖረ ያውቀዋል፤ የእኛም ቤት ዓመቱን ሙሉ የሚኖረው በዚያች ሳምንት ገቢ ነው። «ካልደረሰ ከወልድያ የሚጣል ሰሃን አስጭኜ አስመጣለሁ። በልቶ መጣል ነው። እጥበትም የለ፣ ውሃም የለ።»

«አጣቢዋስ?» አልኳቸው። አፌ ሁልጊዜ ይቀድመኛል።

«አጣቢዋ ምን ታጥባለች?» አሉና ወጡ።

ቢቆጡ ኖሮ እስከ ማታ ይበርድላቸው ነበር። አልተቆጡም፤ አስበውበት ነው የመጡት።

አጣቢነቱ ቀረ ማለት ለእኔ ወደ ብልባላ መመለስ ነው። ብልባላን አልጠላውም፣ ያደግኩበት ገጠር ነው። የምጠላው ምንጩን ነው። ምንጩ ከቤታችን ቁልቁል፣ ገደሉ ሥር ነው። መውረዱ ምንም አይደለም። ስትመለሺ ግን ጀሪካኑን በገመድ ጀርባሽ ላይ አዝለሽ፣ ድንጋዩን በእጅሽ እየጨበጥሽ ነው የምትወጪው። ውሃው ጀሪካኑ ውስጥ ይላጋል፤ አንዴ ወደ ጎን፣ አንዴ ወደ ኋላ ይስብሻል። አብራኝ የተማረች የጎረቤታችን ልጅ ከፊት ከፊቴ ስትወጣ ነው ወደ ኋላ የሳባት። አልጮኸችም። በጎኔ አለፈች፤ የሻሿ ጫፍ ፊቴን ነካው። አልሞተችም፣ ግን እስከ ዛሬ ግድግዳ ይዛ ነው ከጓዳ ወደ ደጅ የምትወጣው። ከዚያ በኋላ ያንን ዳገት ስወጣ ጀርባዬ ላይ ያለው ነገር ውሃ አይመስለኝም ነበር፤ አንድ ሰው ትከሻዬን ይዞ ጊዜ የሚጠብቅ ይመስለኝ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኜ ነጥብ ሳይመጣልኝ ሲቀር እናቴ «ምንም አይደል» አለችኝና ጀሪካኑን ሰጠችኝ። ብዙም ሳልቆይ ወደ ላሊበላ መጣሁ።

እንግዲህ ክዳን በመርፌ መብሳት የጀመርኩት ለዚህ ነው።

ከወንፊቱ በፊት የምናጥበው በሳፋ ነበር። በጾም ወቅት ደግሞ ሳፋው ይበዛል። ሲንካችን አንድ፣ ቧንቧችንም አንድ ነው፤ ከሲንኩ በስተግራ የፍስኩ ነው፣ በስተቀኝ የጾሙ። ጾም ቢሆንም ፈረንጆቹ እንቁላልና ዶሮ ይበላሉ፣ ቅቤም ይጠይቃሉ፤ የእነሱ ዕቃ በግራ ይከመራል። ምእመኑ የሚበላበት በቀኝ፣ መደርደሪያው ላይ። ስፖንጁ ለየብቻ፣ ማድረቂያ ጨርቁ ለየብቻ፣ ሳፋዎቹ ለየብቻ። እትዬ ይህንን ድንበር የሚጠብቁት እንደ እርሻ ወሰን ነው። አንዲት የፍስክ ማንኪያ ተሳስታ ወደ ቀኝ ብትሻገር በአመድ ፈትገው፣ ታጥባም እንኳን እንደ ተጠረጠረ ሰው ለብቻዋ ያስቀምጧታል። በዚህ ሁሉ ሳፋ የሚደፋውን ውሃ አይቼ ያሰብኩት ቀላል ነገር ነው፤ ሳፋውን ትቼ፣ ሰሃኑን ቧንቧው ሥር ይዤ፣ ጥቂት ውሃ በኃይል እንዲመታው ማድረግ። ቧንቧው እንዲሁ ሲከፈት ብዙ ውሃ በድካም ነው የሚያፈሰው። ፊዚክስ ባይቀናኝም ጠባብ ቀዳዳ ውሃን እንደሚያስቸኩል አውቃለሁ። ትምህርት ቤት የቧንቧውን አፍ በአውራ ጣታችን ደፍነን የተረጫጨን ሁሉ እናውቃለን።

የመጀመሪያው ወንፊት ያስነጠሰው ነው። በመርፌ የተበሳ ቀዳዳ በጣም ይጠባል፤ ውሃው ጉም ይሆንና ኃይሉ አየር ላይ ይቀራል። ከታንከሩ ሥር የሚመጣው አሸዋም ወዲያው ይደፍነዋል። ለሁለተኛው የእትዬን የስፌት ወስፌ ለመንኩ። ሻማ ላይ ሳግለው አዩኝ።

«ወስፌዬን አቃጥለሽ ምን ልትሰፊ ነው?»

«ውሃ።»

«ውሃ የምትሰፋ አይቼ አላውቅም» አሉ። «እብድ ግን አይቻለሁ።»

የአዲሱን ክዳን ዳር ዳሩን ብቻ በሳሁ፤ መሃሉን ተውኩት። ውሃው ተዘርግቶ የሰሃኑን ጠርዝ እንዲያገኝ ቀዳዳዎቹን ወደ ውጭ አዘነበልኳቸው። ስከፍተው እንደ ዣንጥላ ሽቦ ቀጥ ቀጥ ብሎ ወረደ። የደረቀውን ሽሮ መታው። ሽሮው ከጠርዙ ተላቀቀ፣ ተጠቀለለ፣ ሄደ። እትዬ ቅርብ ያለ ነገር ስለማይታያቸው ሰሃኑን ተቀብለው በጥፍራቸው ፋቁት። ምስር እንኳን የምለቅምላቸው እኔ ነኝ።

«ሰማ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ጥቂት ቀን መልካም ሆነልን። ሳፋዎቹ ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ። ጠዋት ጠዋት በመሰላል ወጥቼ ታንከሩን በጣቴ አንኳኳለሁ፤ ባዶው ጋ ድምፁ ይጮኻል፣ ውሃው ጋ ሲደርስ ይታፈናል። የሚታፈንበት ቦታ ዝቅ ማለቱን ቀነሰ። ጋሼ ለጎረቤት «የእኔ ኩሽና ውሃ አይጠጣም» ሲሉ ሰማኋቸው። እኔ ግን ከመሰላሉ በወረድኩ ቁጥር ተመልሼ ወጥቼ እንደገና አንኳኳለሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ነገር ሲሳካልኝ አላምንም፣ ያ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

በነዚያው ቀናት ከይምርሐነ ክርስቶስ ተሳልመው፣ ዳገት ቁልቁለቱን በእግራቸው የመጡ ሦስት እናቶች አረፉብን። እስከ ልደት ሊቆዩ ነው። ከሦስቱ ትልቋ የበሉበትን ሰሃን ሰው እስኪያነሳላቸው አይጠብቁም፤ ራሳቸው ይዘው ኩሽና በር ላይ ይመጡና «እንኪ ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ» ይሉኛል። እግራቸው ተሰነጣጥቋል። አንድ ቀን «እርስዎ ይቀመጡ እንጂ እማማ» ስላቸው፣ «እንዲህ ያለ ንጹህ ሰሃን ቤቴም የለኝ፣ ልሸከመው ብዬ ነው» አሉና ሳቁ።

ያየሁት በማግስቱ ጠዋት ነው። ፀሐይዋ ገና ከተራራው ብቅ ስትል በመስኮቱ አግድም ትገባለች፤ የጾሙን መደርደሪያ በጎን ትመታዋለች። አንዱ ብርጭቆ ላይ ነጥብ ነጥብ ያለ ነገር አብለጨለጨ። ውሃ የደረቀ መስሎኝ በአውራ ጣቴ ጠረግኩት። ተንሸራተተ። ጣቴን አሸተትኩ። ቅባት ነው።

እትዬ የጾሙን ቅዳሴ ሊያስቀድሱ እስኪሄዱ ጠበቅኩ። ከፍስኩ ሰሃን አንዱን በዘይት የተለወሰ እርድ ቀባሁት። የጾሙን ዕቃ አነሳሁና መደርደሪያውን በነጭ ጨርቅ ሸፈንኩት። ከዚያ ያንን ሰሃን እንደ ሁልጊዜዬ፣ በግራ በኩል ሆኜ፣ በወንፊቱ ሥር አጠብኩት። ሰሃኑ ጸዳ። ዞሬ ጨርቁን አየሁ። ቢጫ ነው። አንድ ሁለት አይደለም፤ እንደ ተዘራ ጤፍ ተበትኗል። ላይኛው መደርደሪያ ድረስ ደርሷል። ወደ ውጭ ያዘነበልኳቸው ቀዳዳዎች ሰሃኑን ሲመቱ ውሃው ነጥሮ ይነሳል፣ ድንበሩን ተሻግሮ ያርፋል። የዶሮው፣ የእንቁላሉ፣ የቅቤው። በየቀኑ። እጄ ይባረክ በተባልኩባቸው ሰሃኖች ላይ።

እትዬ ሲመለሱ ነጠላቸውን እንኳን አላወረዱም።

«እትዬ፣ የፍስኩ ውሃ ወደ ጾሙ ይፈናጠቃል።»

«ምን?»

«በእርድ ሞከርኩት። ይኸው።» ጨርቁን ዘረጋሁላቸው። አላዩትም መሰለኝ፤ እጃቸው ግን ግድግዳ ፈለገና የዱቄቱ ጆንያ ላይ ቁጭ አሉ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ወንፊቱ ከገባ ጀምሮ።»

«ከይምርሐነ የመጡት እናቶች...»

«አዎ።»

እትዬ ሲቆጡ አውቃለሁ፤ ድስት ይወረውራሉ። ያን ቀን አልወረወሩም። ድምፃቸው እንደ በሽተኛ ቀጠነ። እሳቸው ሲፈሩ ሳይ እኔ የምይዘው አጣሁ።

«ለሰው ነግረሻል?»

«አልነገርኩም።»

«እንዳትናገሪ። ይህ ወሬ ከዚህ በር ከወጣ ለልደት ከዚህ ቤት ውሃ የሚቀምስ አይገኝም። ለንስሐ አባቴ እኔ እነግራለሁ። እሱ የእኔ ነው።» ጨርቁን ከእጄ ተቀበሉና፣ «ለእኔስ ምን ብለሽ ነገርሽኝ? ወንፊቱን ነቅለሽ ዝም ብትዪ ማን ያውቅብሽ ነበር?»

«አፌ አያስችለኝም።»

«እሱንማ አውቃለሁ» አሉ።

ወንፊቱን ነቀልኩት። ሳፋዎቹን ከግድግዳው አወረድን። የጾሙን ዕቃ ሁሉ፣ ድስቱን፣ ጭልፋውን፣ ሰሃኑን፣ የብርጭቆውን ዘር ሳይቀር በአመድ ፈትገን አጠብን፤ አለቀለቅን፤ እትዬ «እንደገና» ይላሉ፣ እንደገና እናለቀልቃለን። ቧንቧው እንደ ልቡ ፈሰሰ። እያንዳንዱን ሳፋ ስደፋ ጣሪያው ላይ ታንከሩ ሲጎድል የሚሰማኝ ይመስለኝ ነበር። አልከለከልኳቸውም። ምን ብዬ ልከልክላቸው? በማግስቱም ከንስሐ አባታቸው ዘንድ ተመልሰው፣ ከጆንያው ጎን ሲሰግዱ አገኘኋቸው። ሲወርዱ ጉልበታቸው ይንቋቋል። እኔን ስገጂ አላሉኝም። ያ ይበልጥ ከበደኝ።

እማማ ግን ሰሃናቸውን ይዘው መምጣታቸውን አልተዉም።

«ምነው ልጄ፣ ፊትሽ ጠቆረ?» አሉኝ።

«ደክሞኝ ነው።»

«ሥራ ነው እንዲህ ያደረገሽ? ወይስ የሚያስፈራራሽ ሰው አለ?»

ከንፈሬን ነከስኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ምላሴ ከብዶኝ አያውቅም። «ማንም የለም እማማ» አልኳቸውና ሰሃኑን ተቀብዬ ጀርባዬን ሰጠኋቸው። ጀርባዬን ሰጥቼም እዚያው በሩ ላይ ቆመው እንደሚያዩኝ አውቄያለሁ።

ጋሼ ታንከሩን ያንኳኩት በዚያው ሰሞን ነው። ከጣሪያው ሲወርዱ የመሰላሉ ድምፅ ብቻ ምን እንደሚሉ ነገረኝ።

«ማን ነው ታንከሬን የጠጣው?»

«እኔ ነኝ» አሉ እትዬ።

«እኔ ነኝ» አልኩ እኔም። ምክንያቱንም እዚያው ነገርኳቸው፤ ቅባቱን፣ እርዱን፣ አመዱን። እትዬ በዓይናቸው ሊያስቆሙኝ ሞከሩ፣ አልቆምኩም። ለጋሼ ካልነገርኩ ለማን ልነግር ነው?

«ለአንድ ፍንጥቅጣቂ ነው ይሄ ሁሉ ውሃ የፈሰሰው?» አሉ ጋሼ።

እትዬ በጋሼ እናት ቤት ጋሼን አዝለው ያሳደጉ ናቸው፤ ስለዚህ አንተ ነው የሚሏቸው። «አንተ ልጅ፣ ስማኝ» አሉ። «ያ ወንፊት ተመልሶ ገብቶ አንዲት ጠብታ ወደ ቀኝ ከጣለ እኔ ይህን ኩሽና አልረግጥም። ለልደት ሌላ ወጥ ሠሪ ፈልግ።»

«እትዬ፣ ወንፊቱ ከሌለ ውሃው ልደት አይደርስም። እርስዎም ያውቁታል» አሉ ጋሼ።

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

«የማይረጭ እሠራለሁ» አልኩ። እንዴት እንደሚሠራ አላውቅም ነበር።

«የልደት ሳምንት ሳይገባ አሳዪኝ» አሉ ጋሼ። «በእትዬ ፊት። አንዲት ጠብታ ካየን የሚጣለው ሰሃን ይጫናል፣ አንቺም ሻንጣሽን።»

ከዚያ በኋላ ባገኘሁት ጊዜ ሁሉ ከኩሽናው ጀርባ፣ እንጨት መቆለያው ጋ እቀመጣለሁ። ክዳን እበሳለሁ፣ እሞክራለሁ፣ እጥላለሁ። ቀዳዳውን ባሰፋው ውሃ ይበላል። ባጠበው ይበተናል። ቁጥሩን ብቀንስ ሽሮው አይሰማም። መንገዱ ላይ ነጭ የለበሰው ሰው መብዛት ጀምሮ ነበር፤ ከበሮውና ዝማሬው ከሩቅ ይሰማል። ሌላ ሰው ሲሰማው ደስ የሚለውን ድምፅ እኔ ፈራሁት። በቀረበ ቁጥር ትከሻዬን የጀሪካኑ ገመድ የቆረጠው ይመስለኛል። ወስፌው ስንት ጊዜ ጣቴን ጠበሰው።

መላው የመጣልኝ ወስፌ ይዤ ሳይሆን ውሃ ስደፋ ነው። አንድ ትሪ አዘንብዬ በጆግ ውሃ አፈሰስኩበት። ከላይ ፊት ለፊት ሳፈስበት ነጥሮ ቀሚሴን አራሰው። ጆጉን ወደ ጎን ሳደርገው ግን ውሃው ትሪውን እየላሰ ተንሸራቶ ወረደ፤ አንዲት ጠብታ አልተነሳችም። ደግሜ ሞከርኩት። ሦስተኛ ጊዜ ስሞክረው ለብቻዬ ሳቅኩ፣ ወዲያው ደግሞ አፌን ያዝኩ።

አዲሱን ክዳን በክብ አልበሳሁትም፤ በአንድ መስመር፣ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ደረደርኩት። ቀዳዳዎቹ ሁሉ ወደ ግራ ያዘነበሉ ናቸው። ውሃው እንደ ስለት ጠፍጣፋ ሆኖ ወጣ። ሰሃኑን እኔም ወደ ግራ ካዘነበልኩት ቆሻሻውን እየገፈፈ ወደ ፍስኩ ጎን ብቻ ይወርዳል። ለተረፈው ፍንጣቂ የጠርሙሱን ትከሻ ቆርጬ በክዳኑ ዙሪያ ቀሚስ ሠራሁለት። ሰሃኑ ቀሚሱ ሥር ከገባ የሚነሳው ውሃ እዚያው ይመለሳል።

«አሁን ደግሞ ቀሚስ አለበስሽው» አሉ እትዬ። «ነገ ትድሪው ይሆናል።»

በስግደቱ ከሰነበቱ ወዲህ ሲቀልዱ የመጀመሪያቸው ነበር።

በእርድና በጨርቅ ደጋግሜ ሞከርኩት። መጀመሪያ ጥቂት ቢጫ ነጥብ ነበረ፤ ቀሚሱን አስረዘምኩት፣ ቀነሰ። ከዚያ ጠፋ። ጠፍቶም አላመንኩም። ጨርቁን ወደ ፀሐይ ይዤ ክር በክር አየሁት።

ቀኑ ደረሰ። ጠዋት ነው። ጋሼ በሩን ተደግፈው ቆሙ። መደርደሪያው ላይ ጨርቅ ልዘረጋ ስል እትዬ እጄን ያዙኝና ከከረጢት አዲስ ነጠላ አወጡ። ጥለቱ ቢጫና አረንጓዴ ነው። ለልደት ያስቀመጡት መሆኑን አውቃለሁ። ተከናነቡትና ከሲንኩ በስተቀኝ፣ የጾሙ ሰሃን በሚቆምበት ቦታ ቆመው ክንዳቸውን በነጠላው ዘረጉ።

«እትዬ፣ ጨርቁ ይበቃል። ነጠላዎት ይበላሻል።»

«ጨርቅ አይፈራም» አሉ። «እጠቢ።»

የፍስኩ ሰሃን ላይ ቅቤና እርድ ለውሼ ቀባሁ። ሰሃኑን ቀሚሱ ሥር አስገባሁ፣ ወደ ግራ አዘነበልኩ፣ ከፈትኩ። ውሃው ወረደ። ቢጫው ከላይ ወደ ታች እንደ ቆዳ ተገፈፈ፣ ወደ ግራ ሄደ። ሰሃኑን አዞርኩ። የቀረውን ገፈፈ። ጀርባውን አጠብኩ። ጸዳ። ልዘጋው እጄን ስዘረጋ ከጣሪያው የጉሮሮ ድምፅ የመሰለ ነገር ተሰማ። ታንከሩ ጎድሎ አየር ስቦ ነው። አየሩ በቧንቧው ውስጥ እየተንከባለለ መጣና ወንፊቱ አንድ ጊዜ አስነጠሰ። ቀሚሱ ወደ ላይ ተገለበጠ። የእጄ አንጓ ላይ ቀዝቃዛ ነገር አረፈ። ዘጋሁት።

«ጨረሰች?» አሉ ጋሼ።

እትዬ ክንዳቸውን ሳያጥፉ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ነጠላውን ወደ ፊታቸው አቀረቡት፣ አራቁት፣ እንደገና አቀረቡት።

«ነጭ ነው» አሉ ጋሼ ከበሩ።

«ነጭ ነው» አሉ እትዬም። እንዲያ ፈገግ ሲሉ አይቻቸው አላውቅም። «ለልደት ይኸው እዚሁ ነን እንግዲህ።»

ከጥለቱ በላይ፣ ነጩ ላይ፣ የጤፍ ፍሬ የምታክል ነገር ነበረች። ቢጫ ናት። ከጥለቱ ቢጫ ጋር ስለተጠጋች ለሚያያት ክር ትመስላለች። ጋሼ ፊታቸውን ወደ ውጭ መልሰው ነበር። እትዬ አይታያቸውም። ከእኔ በቀር የሚያያት የለም። ዳገቱ መጣብኝ፤ ድንጋዩ፣ ገመዱ፣ በጎኔ ያለፈው ሻሽ። ዝም በል አልኩት አፌን። በሩ ላይ፣ ከጋሼ ኋላ፣ እማማ የቁርስ ሰሃናቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመው ነበር።

«እዚህ ጋ አለች» አልኩ።

«ምን?» አሉ ጋሼ።

«ጠብታ።»

ቀርበው አዩ። «ይህ ጥለቱ ነው።»

«ጥለቱ አይደለም ጋሼ።»

እትዬ በጣታቸው ዳሰሱት። ጣታቸውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። ረጅም ጊዜ አሸተቱ።

«ቅቤ ነው» አሉ።

ጋሼ ማንንም አልተሳደቡም። «ማን ጠየቀሽ?» ብቻ አሉኝ፣ በቀስታ። ከዚያ ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡና ወደ ጓሮው እየሄዱ፣ «ሄሎ፣ ሰሃኑን ጫኑት» ሲሉ ሰማኋቸው።

እማማ ምን እንደሆነ ስላልገባቸው ሰሃኑን ዘረጉልኝ። ተቀብዬ በቀኝ በኩል አስቀመጥኩት። የቧንቧውን ላስቲክ ፈታሁ፣ ወንፊቱን ከነቀሚሱ አወጣሁት። ሽርጤን ምስማሩ ላይ ሰቀልኩ። እትዬ ነጠላቸውን እያጠፉ ነበር። ሲጨርሱ ወስፌውን ከመስኮቱ አንስተው ሰጡኝ።

«ተቃጥሏል፣ ለስፌት አይሆነኝም» አሉ። «ያዢው።»

ወስፌውንና ወንፊቱን ሻንጣዬ ውስጥ ከልብሴ ሥር ከተትኩ። በኋላው በር ወጣሁ። ምእመኑ መንገዱን ሞልቶ ቁልቁል ይወርዳል፤ በግንቡ ጥግ ጥግ እየተሻሸሁ ሽቅብ፣ ብልባላ ወደሚያደርሰው መኪና ሄድኩ።